የሳጥኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ትምህርት ቤት ውስጥ ወሲባዊ ጥቃትን ለመከላከልና ሲደርስም ምላሽ ለመስጠት የትኛውን እንምረጥ

መጀመሪያ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ከዳይሬክተሩ ቢሮ በር አጠገብ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳጥን ተሰቅሎ ነበር። «ለሴት ተማሪዎች፤ ሚስጥራችሁ የተጠበቀ ነው» የሚል ተጽፎበታል። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ዩኒት ሊደሩ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ ማን ወረቀት እንደከተተ ባይፈልግም ያያል። ቁልፉ ዳይሬክተሩ ኪስ ውስጥ ነው። የሥርዓተ ፆታ ክበብ ተጠሪ ስለነበርኩ ሰኔ ላይ ሪፖርት ልጽፍ ሳጥኑን አስከፈትኩት። ሦስት ነገር ወጣ፦ ስለ ውሃ የተጻፈ አቤቱታ፣ ስለሚያረፍድ መምህር የተጻፈ አቤቱታ እና የማስቲካ ልጣጭ። ሪፖርቱ ላይ «ጾታዊ ጥቃትን በተመለከተ የቀረበ ጥቆማ የለም» ብዬ ጻፍኩ። በዚያው ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን እንኳ ሳትሰበስብ ትምህርቷን ትታ ሄዳ ነበር። ምክንያቱን የሰማሁት በዓመቱ ከክፍል ጓደኛዋ ነው።

ያቺ ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች። ከዚያ ወዲህ ወላጅም ሆነ መምህር «እኛ ጋ ምን ብናደርግ ይሻላል?» ሲለኝ፣ የቀረበውን አማራጭ ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ነገሩ ይታይ ወይስ ይቀበር የሚለውን የሚወስነው ሰው፣ ቢታይ የሚጎዳው እሱ ራሱ ከሆነ አማራጩ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር አይሠራም። ከዚህ በታች የጻፍኩት በተለይ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ላላችሁ፣ በትንሽ ገንዘብና በትንሽ ጊዜ ከብዙ ሐሳብ መካከል መምረጥ ላለባችሁ ነው።

ንግግር ወይስ መቀርቀሪያ?

የትምህርት ቤት በጀት የታወቀ ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነጭ ሪባን ቀን ሲደርስ ባነር ይታተማል፣ ሚኒሚዲያው ግጥም ያነባል፣ ከወረዳ የመጣ እንግዳ ንግግር ያደርጋል፣ ተማሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ክፉ ነገር አይደለም። ያለችው ገንዘብ የምትበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ግን ባነሩን አልመርጥም።

ይህን የምለው በራሴ ስሜት ብቻ አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በ30 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል ላይ የተደረገ ሙከራ ነበር። በዕጣ ተለይተው ለአንዳንዶቹ የክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ የግቢ ለውጥ ብቻ፣ ለአንዳንዶቹ ሁለቱም ተሰጡ፤ የቀሩት እንደነበሩ ቆዩ። የግቢ ለውጥ የተባለው ተማሪዎቹ የሚሰጉበትን ቦታ ራሳቸው ካርታ ላይ ቀለም እንዲቀቡ ማድረግ፣ ሠራተኞችን እዚያ ቦታ ላይ ማቆም፣ ያስቸገረ ተማሪ ካስቸገራት ልጅ እንዲርቅ በጽሑፍ ማዘዝ ነው። ግቢያቸው በተስተካከለ ትምህርት ቤቶች ተማሪ በተማሪ ላይ የሚፈጽመው ወሲባዊ ጥቃት ቀነሰ። የክፍል ትምህርት ብቻውን ይህን አላመጣም።

የኒውዮርክ ግቢና የእኛ ግቢ አንድ አይደሉም፤ እኛ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባ ልጅ ይቀመጣል። ካርታው ግን የሚጠይቀው ወረቀትና ባለቀለም እርሳስ ብቻ ነው። ሴቶቹን ለብቻ፣ ወንዶቹን ለብቻ አስቀምጠን አሠራናቸው። እኛ መምህራኑ አደገኛው ቦታ የውጭው በር ነው ብለን ነበር። ሴቶቹ የቀቡት የሽንት ቤቱን ጀርባና የቧንቧውን ሰልፍ ነው፤ ቧንቧው ጋ ግፊያው ለመነካካት እንደሚመች ለካ ከእኛ በቀር የማያውቅ የለም። ወንዶቹ ደግሞ የራሳቸውን ሽንት ቤት ቀይ በቀይ አደረጉት። ትልልቆቹ ትንንሾቹን የሚያዋርዱበት ቦታ ነው። «ወንድ ልጅ ላይ አይደርስም» የሚል መምህር ያንን ወረቀት ቢያየው ደግ ነበር።

ከዚያ ሽንት ቤቱን ልናይ ሄድን። በር አለው፣ መቀርቀሪያም አለው። መቀርቀሪያው ግን ከውጭ በኩል ነበር፤ ዘበኛው ቅዳሜና እሁድ እንዲቆልፍበት ታስቦ የተሠራ ነው። ልጅቷ ውስጥ ገብታ መዝጋት አትችልም፤ ሌላ ሰው ግን በእሷ ላይ መዝጋት ይችላል። ብየዳ ሠራተኛ አምጥተን ከውስጥ አስገጠምን፣ ግማሽ ቀን ፈጀ። ለእረፍት ሰዓት የመምህራን ተራ አወጣን፣ የቧንቧውን ሰልፍ ለሁለት ከፈልነው። ለባነር ከምናወጣው ያነሰ ገንዘብ ነው የወጣው።

የክፍል ትምህርቱን ተዉት ማለቴ አይደለም፤ ሁለተኛ አድርጉት። ስትሰጡትም «ሴት ልጅ ራስሽን ጠብቂ» የሚለውን ስብከት ቀንሱና ሕጉ ምን እንደሚል፣ ለማን እንደሚነገር፣ ስንት ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ እንደሚያስፈልግ ንገሯቸው። ለወንዶቹም ያው ይነገር።

የሥነ ምግባር ፊርማ ወይስ የአሠራር ለውጥ?

ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ውስጥ ጾታን መሠረት ያደረገ ጥቃትን ለመከላከል የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል። መምህሩን በዓመቱ መጀመሪያ አስነብቦ ማስፈረም ጥሩ ነው፤ በኋላ «አላውቅም ነበር» ማለት አይቻልም። ሆኖም ፊርማው ፋይል ውስጥ ይተኛል። ልጅቷን የሚያጋልጣት «ማርክሽን ቢሮ መጥተሽ እይ» የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ ከፊርማው ይልቅ ማርኩን የያዘውን እጅ ተመልከቱ።

እኔ የምመርጣቸው እነዚህን ነው፦ የፈተና ወረቀት ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት ይመለስ። በውጤቱ ቅር ያላት ልጅ ለዲፓርትመንቱ ተጠሪ የምታመለክትበት መንገድ ይኑር፣ መምህሩ ብቻውን አይወስን። ቱቶሪያል በር ተከፍቶ፣ ቢያንስ ከሦስት ልጅ በላይ ሆኖ ይሰጥ። የቴሌግራም ግሩፕ ሁለት መምህር ያለበት ይሁን፤ መምህር ለተማሪ በግል አይጻፍ። ደብተር ይዘሽ ቤቴ አድርሽልኝ፣ ቅዳሜ መጥተሽ ቤት አጽጂልኝ የሚባለው ነገር ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ይህን የመጨረሻውን ስናነሳ «ልጄ እኮ ናት፣ ምን አለበት?» ያለ መምህር ገጥሞኛል። ምንም ላይኖርበት ይችላል። ደንቡ የሚወጣው ግን ለደጉ ሰው ተብሎ አይደለም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ መምህር የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 መሠረት ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረገ ሰው «ፈቅዳ ነው» ማለቱ ከወንጀል አያድነውም፤ ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። የራሱ ተማሪ ከሆነች ከ5 እስከ 20 ዓመት ይሆናል። ከ13 ዓመት በታች በሆነች ልጅ ላይ ሲፈጸም አንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆና 18 የሞላትስ? እሷም ሜዳ ላይ አልተጣለችም፤ አንቀጽ 625 ሥልጣኑን መሣሪያ ያደረገን መምህር በስሙ ጠቅሶ ይቀጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ቅጣቱ ቀላል እስራት መሆኑና ክሱ የሚነሳው በራሷ አቤቱታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዕድሜዋን ቀድሞ ማወቅ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚያስፈልጋት ይወስናል።

ከግቢ ውጭ

ከገጠር መጥተው ከተማ ላይ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ዋናው ስጋት ግቢው ውስጥ ላይሆን ይችላል። ልጅቷ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ተሸክማ ትመጣለች፣ ስንቋ ሲያልቅ ዓርብ ተመልሳ በእግሯ ትሄዳለች። የተከራየችው ክፍል በሩ ቆርቆሮ ነው፤ ሁለተኛው መክፈቻ አከራዩ ጋ አለ።

ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ዘመድ ቤት ማስጠጋትን ነው። ከኪራይ ይረክሳል፣ ለስምም ይመቻል። ነገር ግን ዘመድ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ የቤት ሥራ ብዛት ነው፤ ችግር ቢመጣም «ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ» ስለሚባል ልጅቷ አትናገርም። እኔ ሦስት አራት ሆነው፣ አከራይዋ እናት በሆነችበት ግቢ ውስጥ ቢከራዩ እመርጣለሁ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ማን የት እንደሚኖር መዝግቦ ቢይዝ፣ አንዲት መምህርት በወር አንድ ቀን ዞራ ብታያቸው ብዙ ነገር ይለወጣል። አከራዩም ሰው እንደሚያየው ያውቃል። ዓርብ የሚሄዱት በቀበሌያቸው ተቧድነው ይሂዱ፤ የማታ ፈረቃ ላይ ያሉትን ወደ ጠዋት ማዛወር ከተቻለ ደግሞ ከምክር ሁሉ ይበልጣል።

ለማን ትናገር?

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ያሳያል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው መካከል እርዳታ የጠየቁት ሩብ ያህሉ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ባዶ ሳጥን ምን እንደሚነግረን አስቡት።

ሳጥን፣ ተጠሪ መምህርት፣ ስልክ፣ የተማሪ ተወካይ፤ አራቱንም ሞክሬአለሁ። ሳጥኑ ማንነትን ይደብቃል፣ ግን ቀስ ያለ ነው፤ ሕክምናው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ላለበት ነገር አይሆንም። ለከፋንና በመምህር ላይ ያለን ጥርጣሬ ለማወቅ ግን ጥሩ ነው። የስልክ መስመር ስልክ ላላት ልጅ ነው። ተጠሪ መምህርት ከሁሉ ትፈጥናለች፤ ልጆቹ ራሳቸው ካልመረጧት ግን ማንም አይመጣባትም። ዳይሬክተሩ የመረጣት ተጠሪ የዳይሬክተሩ ጆሮ ናት ይባላል፤ እውነት ሆነም አልሆነም። ጥቃት የደረሰበት ልጅ መጀመሪያ የሚነግረው አብዛኛውን ጊዜ ለጓደኛው ስለሆነ፣ በየክፍሉ ሁለት ልጅ አሠልጥኖ «ስትሰሚ ለማን ትሮጫለሽ?» የሚለውን ማስተማር ከሁሉም ርካሹ ነው።

በኋላ የሠራነው ሳጥን ሴቶች ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ማንም የማያይበት ቦታ ላይ ተሰቀለ። ሁለት ቁልፍ ገጠምንለት። አንዱ ልጆቹ በመረጧት መምህርት እጅ ነው፣ ሁለተኛው ኅብረቱ ውስጥ ባለች እናት እጅ። ዓርብ ዓርብ አብረው ይከፍቱታል። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ወረቀት ወጣ።

ደርሶ ከተገኘ፦ ጤና ተቋም፣ ፖሊስ፣ ትምህርት ቤት ወይስ ሽማግሌ?

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ራሱ ምርጫ ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ልጅቷ ስትናገር መጀመሪያ ዳይሬክተር ይጠራል፣ ዳይሬክተሩ ኮሚቴ ይጠራል፣ ኮሚቴው ወላጅ ይጠራል፣ ወላጅ አጎት ይጠራል፤ ሁሉም እንደ አዲስ ያስተርኳታል። ሁለት ቀን በዚህ ይሄዳል።

መጀመሪያ ጤና ተቋም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ይህ ለወንድ ልጅም ነው። የእርግዝና መከላከያው፣ ሰዉ ፖስት ፒል የሚለው፣ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ሊረዳ ይችላል፤ በዘገየ ቁጥር ግን አቅሙ ይቀንሳል። ገላዋን ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ ብትሄድ ለማስረጃ ይረዳል። ከታጠበችም «አበላሸሽው» ተብላ አትወቀስ፣ ይዛችኋት ሂዱ። የለበሰችውን በወረቀት ከረጢት ወይም በጋዜጣ ጠቅልሉት እንጂ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ያበላሸዋል። ለሕክምናው የፖሊስ ደብዳቤ አትጠብቁ፤ ደብዳቤው የሚያስፈልገው ለፍርድ ቤት ለሚላከው የሕክምና ማስረጃ ነው።

ሰዓቱ አልፎ ቢሆንም ሕክምናው አይቀርም። ካረገዘችም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በአስገድዶ መድፈር የመጣን ጽንስ በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለዚህም የእሷ ቃል በቂ ነው፣ የፍርድ ውሳኔ አምጪ አትባልም። ልጅቷን «ድንግልናዋ ይታይ» ብሎ መላክ ግን ከምርጫ አይቆጠርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህ ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቆም ጠይቋል። ምርመራው የሚጨምርላት ሁለተኛ ጉዳት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ጤና ተቋም ወይስ ፖሊስ የሚለው ጥያቄ ይቀላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በአንድ ቦታ እንዲያገኟት የተቋቋመ ነው፤ ቃሏን በየቢሮው እየዞረች አትደግምም። ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም፣ አዳማም ተመሳሳይ ማዕከል አለ። ማዕከል በሌለበት ወረዳ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ በዚያው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይኬድ። አብሯት የሚሄደው ሰው እሷ የመረጠችው ይሁን። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስም በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት ተስማሚ ችሎት አለ፤ ልጁ በሌላ ክፍል ሆኖ፣ ተከሳሹን ሳያይ፣ በካሜራ በኩል ቃሉን ይሰጣል። ይህን ለወላጆች ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ አያለሁ። ከክሱ በላይ የሚፈሩት «ፊት ለፊት ታቆሟታላችሁ» የሚለውን ነው።

የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሥራ ሌላ ነው። መምህሩን ከክፍል የሚያወጣው እሱ ነው፤ ይህም በዚያው ቀን መሆን አለበት። ወንጀሉን መርምሮ «አላገኘንም» የማለት ሥልጣን ግን የለውም። ከሁሉ የከፋው ምርጫ ዝውውር ነው፦ መምህሩን ወደ ሌላ ወረዳ ማዛወር። ትምህርት ቤቱ ስሙን ያድናል፣ መምህሩ ደሞዙን ያድናል፣ ሌላ ግቢ ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ ማን እንደመጣባቸው ሳያውቁ ይቀበሉታል። እዚህ ላይ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም።

ሽምግልናን አከብራለሁ። ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሰብል ሲበላ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ ያስፈልጋል። በልጅ ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ግን የሁለት ቤተሰብ ጠብ አይደለም፤ አስገድዶ መድፈር በአቤቱታ ብቻ የሚቀጥል ወንጀል ስላልሆነ አባትየው ካሳ ተቀብሎ ቢታረቅም መዝገቡ አይዘጋም። «ያግባትና ይለቅ» የሚለውም ጊዜው አልፏል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ደፍኖታል። ሽማግሌዎቹ መርዳት ከፈለጉ የሚሠሩት ሥራ አለ፦ የልጅቷ ቤተሰብ በጎረቤት እንዳይገለል፣ ምስክር እንዳይፈራ መቆም። አንድ አባት እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ምስክር የሆነውን የእረኛ ልጅ በየቀጠሮው ራሳቸው በእግራቸው ይወስዱት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያዋ ደቂቃ አለች። «ለምን ብቻሽን ሄድሽ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ልጅቷ እዚያው ትዘጋለች። «እንኳን ነገርሽኝ፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም» ማለት ይሻላል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ደግሞ አትማሉ፣ መሐላውን ማፍረሳችሁ አይቀርም። ከሚረዱሽ ሰዎች በቀር ለማንም አልናገርም በሏት። የነገረቻችሁን በራሷ ቃል ጻፉ፣ ቀንና ሰዓት አስቀምጡ፣ ዝርዝር ለማወቅ አትጎትጉቷት።

«ፎቶሽን እለቅብሻለሁ»

ይህ አሁን አሁን የበዛ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ሁሉንም አጥፍቶ ስልክ መቀየር ነው። ከማጥፋት ማስቀመጥ ይሻላል፤ ዛቻውን፣ አካውንቱን፣ ቀኑን ስክሪን ሾት አንሱ። ፎቶውን ራሱን ግን ለማስረጃ ብላችሁ እንኳ ለሌላ ሰው አትላኩ፤ ስልኩን ይዛችሁ ለፖሊስ አሳዩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የልጆችን ወሲባዊ ምስል ማሰራጨትንም ማስፈራራትንም ይቀጣል። ገንዘብ ብትከፍሉት ደግሞ ተመልሶ ይጠይቃል።

ክፍሉን የሚለቀው ማን ነው?

አጥቂው ተማሪ ሲሆን ትምህርት ቤቶች የሚቀናቸው ልጅቷን ወደ ሌላ ሴክሽን ወይም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር ነው። «ለእሷ ብለን ነው» ይላሉ። ራሷ ከጠየቀች አዎ። ካልጠየቀች የሚዛወረው እሱ ነው፤ እንዳይቀርባት የሚያዝ ወረቀትም ይሰጠው፣ ወላጁም ይፈርምበት። ያመለጣትን ፈተና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትውሰድ፤ የቀረችባቸው ቀናት መዝገቡ ላይ «ፈቃድ» ተብለው ይሞሉ እንጂ ምክንያቱ አይጻፍ። የክፍል ተጠሪዋ ብቻ ይወቅ፣ ሌላው መምህር የግድ ማወቅ የለበትም።

ባለፈው ያስተማርኩበት ግቢ እንዲህ አደረግን። ጥቅምት ላይ ተመለሰች። የት መቀመጥ እንደምትፈልግ ስንጠይቃት በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መረጠች። በሩ በክረምቱ ዝናብ አብጦ ሲዘጋ እየነከሰ ለመክፈት ያስቸግር ነበር። ቅዳሜ አናጺ መጥቶ ጫፉን ላገው፣ ሰኞ ጠዋት በአንድ ጣት ይከፈት ነበር።